ለአብሮ አደጌ፣ ስለ አሮጌው መንገድ

ውድ አብሮ አደጌ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? “ዛሬ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ” ስል ስንት በዓል አለፈ፤ ይቅር በይኝ። ያንቺን ኩርፊያ ደግሞ አውቀዋለሁ፣ በአማላጅም አይበርድ። ስንገናኝ የፈለግሽውን ያህል ተቆጪኝ፤ አሁን ግን ስሚኝ፣ የቸገረኝ ነገር አለ።

መንገዳችን እጄ ላይ ወድቋል። ከሞጆ ተነስቶ በቆቃ፣ በዓለም ጤና፣ በመቂ አድርጎ ዝዋይ የሚገባው አሮጌው አስፋልት እንዴት ይሻሻል የሚለውን የመነሻ ጥናት የያዘው የእኛ ቢሮ ነው። የእግረኛውንና የመንገድ ዳሩን ክፍል የምጽፈው እኔ ነኝ። የነገሩኝ ቀን ደስታዬን የምነግረው ሰው ሳስብ መጀመሪያ የመጣሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ግን ከዝምታዬ በኋላ ምን ብዬ ልጀምር? አፈርኩ።

ስለ ሞጆ–ሐዋሳው የፍጥነት መንገድ አልነግርሽም፤ አጥሩን ከእኔ ይልቅ አንቺ ነሽ በየቀኑ የምታዪው። 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከካይሮ ኬፕታውን እንዲደርስ የታሰበው የአፍሪካ አውራ ጎዳና አካል ስለሆነ የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነው። ያስፈልጋልም፣ አልቃወምም። ግን ጋሪ አይገባበት፣ ባጃጅ አይገባበት፣ እግረኛና ከብት አይረግጠው። እነዚህ ሁሉ የቀሩት አሮጌው ላይ ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄኛው ነው።

ጠረጴዛ ላይ ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው አስፋልቱን አስፍቶ፣ ኩርባውን አቅንቶ መኪናው እንዲፈጥን ማድረግ ነው። ሁለተኛው የአስፋልቱን ስፋት ባለበት ትቶ ትከሻውን፣ ማለትም ዳርና ዳሩን፣ ለጋሪና ለእግረኛ መሥራት፣ ከተማ መግቢያ ላይ ፍጥነቱን መስበር፣ ገበያው አጠገብ መኪና ከአስፋልት ወጥቶ የሚቆምበት ቦታ ማዘጋጀት ነው። ወረቀት ላይ የሚያሸንፈው የመጀመሪያው ነው። ጥቅሙ የሚሰላው በነዳጅ፣ በጎማና በተቆጠበ ሰዓት ነዋ! የመኪና ቆጠራ የሚወጡት ልጆች የሚመዘግቡት ዶልፊኑን፣ አይሱዙውን፣ ተሳቢውን ነው። በመንገዱ ዳር ጀሪካን ተሸክማ የምትሄደዋ ሴት በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ የለችም። ተማሪዎቹም የሉም።

ከባዱ መኪና ወደ አዲሱ ከሄደ አሮጌው ይቀላል፣ አደጋውም አብሮ ይቀንሳል የሚሉኝ አሉ። እኔ አላምንም። መንገድ ጭር ሲል ሹፌር ይረግጣል። ደግሞ የፍጥነት መንገዱን ክፍያ የሚሸሽ አይጠፋም፤ የአዲስ አበባ–አዳማው የፍጥነት መንገድ በ2006 ዓ.ም. ተከፍቶ እንኳ በደብረ ዘይት በኩል ያለው አሮጌው መንገድ ጭር አላለም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ኃይል አራት እጥፍ ነው። በ30 ኪሎ ሜትር የተገጨ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ በ80 የተገጨ ግን መትረፉ እንጃ። በአገራችን በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እግረኛ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ያም ሆኖ ዜብራ የምንቀባው ሰው በሚሻገርበት ቦታ ሳይሆን ለሥዕሉ በሚመች ቦታ ነው። ይሄ ያናድደኛል።

እና አንቺን የምለምንሽ ይሄንን ነው። እዚያ መቂ ላይ ከድልድዩ እስከ መናኸሪያው ሰው በትክክል የት የት እንደሚሻገር ጻፊልኝ። ጠዋት ተማሪ ሲወጣ፣ ከሰዓት ሲመለስ፣ በገበያ ቀን ደግሞ ለብቻው። ባለጋሪዎቹ ፈረሱን የት እንደሚያጠጡ፣ ማታ ያለ መብራት በየት እንደሚመለሱ ጠይቂልኝ። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡትን ሴቶች ዶልፊኑ አሁንም ይቆምላቸው እንደሆነ፣ ወይስ በአዲሱ በኩል እያለፈ ገበያቸው እንደቀዘቀዘ ጠይቂልኝ። ለእነሱ ማረፊያ ይሠራ ስል “መንገድ እንጂ ገበያ አይደለም የምንሠራው” ተባልኩ። መቂ ላይ ሁለቱ መቼ ተለያይተው ያውቃሉ? አንቺ ለሃያ ዓመት ያንን መንገድ ተሻግረሽ ያስተማርሽ ሰው ነሽ፤ የአንቺ አንድ ደብተር ከእኔ አሥር ሥዕል ይበልጣል።

አንድ ነገር አለ... ልንገርሽ አልንገርሽ ስል ነው እዚህ የደረስኩት። በመጀመሪያው አማራጭ የመንገዱ ክልል ከሰፋ የእማማ ሱቅ ውስጡ ይገባል። ገና ረቂቅ ነው፣ የተወሰነ የለም፤ ቢወሰንም ያለ ካሳ አይነካም። ግን ቀይ መስመሩን በራፋቸው ላይ ሳየው እጄ ተንቀጠቀጠ። ለእሳቸው አሁን አትንገሪያቸው፣ እባክሽ። የምትጽፊልኝንም በዚህ ምክንያት አታጋንኚው፤ ያየሽውን ብቻ። አንድ የተጋነነ ነገር ካገኙብኝ ሁሉንም ይጥሉታል።

ስብሰባው ከጥምቀት በኋላ ነው። ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ፤ ስልክሽን እንዳታጠፊ፣ ብታኮርፊም አንሺና አኩርፊ። ለደብተርና ለባጃጅ የሚሆን በቴሌብር እልክልሻለሁ፣ “አልፈልግም” እንዳትዪኝ፣ ከጥናቱ ሒሳብ ነው። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

የአንቺው