ስፌት መኪናዋ ስትቆም

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ እህቴ ቀስ ብላ እንድታነብልዎ ነግሬያታለሁ። ከቸኮለች ያስቁሟት።

ባለፈው እሁድ ስደውል "እስኪ ምን ይታይሃል?" ብለው ጠየቁኝ። እኔም እንደ ሁልጊዜው "ምንም የለም፣ ሁሉም ሰላም ነው" አልኩና ወሬ ቀየርኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነገሩ ከነከነኝ። ዓይንዎ ከደከመ ወዲህ በየሳምንቱ ይህንኑ ነው የሚጠይቁኝ። በእኔ ዓይን ማየት ፈልገው ነው። እኔ ደግሞ "ሰላም ነው" እያልኩ በሩን እዘጋብዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ዛሬ ስለ አንድ ሰው ላጫውትዎ። ቪን ስከሊ ይባላል። ዶጀርስ ለሚባል የቤዝቦል ቡድን 67 ዓመት ሙሉ ጨዋታ ያስተላለፈ ጋዜጠኛ ነው። በ1950 ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ጀመረ። ቡድኑ በ1958 ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር አብሮ መጣ። በ2016፣ በ88 ዓመቱ፣ ማይኩን አስቀመጠ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርዎ።

እዚህ እንደመጣሁ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የማታ ተረኛ እንደነበርኩ ያውቃሉ። ያልነገርኩዎት ያቺን ክፍል ነው። ከእርስዎ ስፌት ቤት ታንሳለች። አንድ ወንበር፣ አንድ መስኮት፣ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ትቶት የሄደ አሮጌ ሬዲዮ። እንግሊዝኛው ግማሹ አይገባኝም ነበር። ግን ያ ሽማግሌ ማታ ማታ ሲጀምር "ሰላም ለሁላችሁ፣ የትም ብትሆኑ መልካም ምሽት ይሁንላችሁ" ይላል። "የትም ብትሆኑ" ሲል እኔን መሰለኝ። በዚያን ጊዜ በሬዲዮ የሚሰማው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች ብቻ ነበር፤ የቀረውን በቴሌቪዥን ነው የሚሠራው። ለእነዚያ ሦስት ዙሮች ስል እራቴን አዘገይ ነበር።

ቤዝቦል ማለት፣ አባባ፣ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። እንደ ገና ጨዋታ ሁሉም ባንዴ የሚራኮትበት አይደለም። ብዙው ጊዜ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ተናጋሪ ይፈልጋል። ስከሊ ስለ አንድ ተጫዋች ታሪክ ይጀምራል፣ ስለ አያቱ፣ ስለ አገሩ። መሐል ላይ ኳስ ይወረወራል። እሷን ይናገርና ክሩን ሳይበጥስ ካቆመበት ይቀጥላል። ደግሞ ብቻውን ነበር የሚሠራው። ሁለት ሆነው ሲያስተላልፉ እርስ በርስ ነው የሚያወሩት። እሱ ግን የሚያወራው ከሚሰማው ሰው ጋር ነበር።

ልጅ ሆኖ ቤታቸው አራት እግር ያለው ትልቅ ሬዲዮ ነበር። ትራስ ይዞ ሥሩ ይገባና ብስኩትና ወተቱን እየቀመሰ ያዳምጣል። የሕዝቡ ጩኸት ከላይ እንደ ሻወር ውሃ ይወርድብኝ ነበር ብሎ ያወራል። በ1936፣ ኦክቶበር 2 ቀን፣ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በአንድ የቻይና ልብስ ማጠቢያ ሱቅ በኩል አለፈ። እዚያ የዕለቱን የዋንጫ ጨዋታ ውጤት ለጥፈዋል፤ ያንኪስ 18፣ ጃያንትስ 4። ልጁ ለተሸነፉት አዘነ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የጃያንትስ ደጋፊ ሆነ፣ ቤዝቦልም ልቡ ውስጥ ገባ። የመጨረሻ ጨዋታውን ያስተላለፈው መቼ መሰልዎ? በ2016፣ ኦክቶበር 2 ቀን። ልክ ከ80 ዓመት በኋላ። ዶጀርስ የገጠመውም ከጃያንትስ ጋር ነበር።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ የእኛ ስፌት ቤት ነው። መንገደኛው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ "ስንት ለስንት ነው?" ይል ነበር። እርስዎ ሲንጀሯን እየረገጡ፣ ሬዲዮው መደርደሪያ ላይ፣ እኛ ልጆች ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጠን። የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ከፍ ሲል እግርዎ ቀስ ይላል። ኳሷ ወደ ጎል ስትጠጋ ጭራሽ ይቆማል። እኔ ጨዋታውን ሳይሆን የእርስዎን እግር ነበር የማየው። መኪናዋ ከቆመች የሆነ ነገር ሊመጣ ነው። በ1980 በእኛ አቆጣጠር፣ ዚምባብዌን በፍፁም ቅጣት ምት አሸንፈን ዋንጫውን የበላን ዕለት፣ ሲንጀሯ ለስንት ሰዓት እንደቆመች ያስታውሳሉ? መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተሰካ ነበር።

ስከሊን ሥራ ያስተማረው ሬድ ባርበር የሚባል አንጋፋ ጋዜጠኛ ነው። በ1949 ወጣቱን ስከሊን ለሙከራ ቦስተን ልኮ የኮሌጅ የአሜሪካን ፉትቦል አስተላልፍ አለው። ልጁ ክፍል የሚሰጡት መስሎት ካፖርቱን ሆቴል ትቶ ሄደ። የተሰጠው የስታዲየሙ ጣሪያ ነው። በኖቬምበር ብርድ እዚያ ቆሞ እየተንቀጠቀጠ ጨዋታውን ጨረሰ። በአየር ላይ አንዴም "በረደኝ" አላለም። ባርበር ነገሩን የሰማው ቆይቶ ነው። በቀጣዩ ዓመት ወደ ዶጀርስ ወሰደው።

ይኸው ባርበር እንቁላል ሲቀቀል ጊዜ የሚለኩባትን የሦስት ደቂቃ የአሸዋ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ ነበር። አሸዋው ባለቀ ቁጥር ውጤቱን ይናገራል። ሬዲዮውን አሁን የከፈተ ሰው ሊኖር ይችላላ! በራችን ላይ ለሚቆመው መንገደኛ ማሰብ ማለት ይህ ነው።

አሁን ደግሞ በጣም የምወደውን ልንገርዎ። ዶጀርስ ሎስ አንጀለስ እንደመጣ የሚጫወተው ለሩጫና ለፉትቦል በተሠራ ግዙፍ ስታዲየም ነበር። ከሩቁ ወንበር ላይ ሜዳው በደንብ አይታይም። ስለዚህ ሕዝቡ ትንንሽ ትራንዚስተር ሬዲዮ ይዞ ይገባ ጀመር። እዚያው ተቀምጠው፣ ጨዋታው ከፊታቸው እያለ፣ ስከሊ እንዲነግራቸው ይፈልጋሉ። ድምፁ ከሺህ ሬዲዮ ባንዴ ስለሚወጣ ስታዲየሙን ይሞላዋል። በ1960 አንድ ቀን የዳኛው ልደት መሆኑን አወቀና "ሦስት ስቆጥር እንኳን አደረሰህ በሉት" አለ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ዳኛው ደነገጠ። አዩ አባባ፣ ዓይናቸው ጤነኛ የሆነ ሰዎች እንኳ የሚነግራቸው ሰው ይሻሉ።

ሁሉም ስለ አነጋገሩ ያወራል። እኔን የገረመኝ ግን ዝምታው ነው። በ1974 አትላንታ ውስጥ ሃንክ አሮን 715ኛውን ሆምራን መታ፤ ኳሷን ከአጥሩ በላይ አሻገራት ማለት ነው። ቤብ ሩት የሚባለው ነጭ ጀግና ለዘመናት ይዞት የኖረውን ክብረ ወሰን ሰበረ። ለዚህ ሲቃረብ እንገድልሃለን የሚል ደብዳቤ ይጎርፍለት ነበር፤ ጥቁር ስለሆነ ብቻ። ስከሊ ኳሷ አጥሩን ስታልፍ ተናገረና ዝም አለ። ማዳመጫውን አውልቆ ወደ ኋላ ሄደ። ሕዝቡ ይጩህ ብሎ ተወው። ሲመለስ፣ በደቡብ አሜሪካ ምድር አንድ ጥቁር ሰው ሕዝብ ከመቀመጫው ተነስቶ እያጨበጨበለት ነው አለ። "ደቡብ አሜሪካ" ስል ያንን የባርነት ታሪክ ያለበትን የአሜሪካን ደቡብ ክፍል ማለቴ ነው። በ1988ም እንዲሁ። ከርክ ጊብሰን ሁለቱም እግሩ ተጎድቶ እያነከሰ ገባ፤ በመጨረሻዋ ሰዓት መትቶ ቡድኑን አሸናፊ አደረገ። ስከሊ ከአንድ ደቂቃ በላይ ምንም አልተናገረም።

መኪናዋ ስትቆም ማለት ነው አባባ። ሌላ የማስረዳበት ቃል የለኝም።

ስለ ሙኒክ ኦሊምፒክም ልንገርዎ። 1972ን ስናነሳ ሁልጊዜ የሚቆጩት ምሩጽ ለ5 ሺህ ማጣሪያው ሳይደርስ በመቅረቱ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ የእስራኤል ቡድን አባላት በታጣቂዎች ታግተው ነበር። ለአሜሪካ ቴሌቪዥን የሚሠራው ጂም ማኬይ ቀኑን ሙሉ፣ እስከ ሌሊት፣ ካሜራ ፊት ተቀምጦ ዋለ። የስፖርት ጋዜጠኛ እኮ ነው። በመጨረሻ ወሬው መጣ። እንዲህ አለ፦ "ልጅ ሳለሁ አባቴ፣ ትልቁ ተስፋችንም ትልቁ ፍርሃታችንም እምብዛም አይደርስም ይለኝ ነበር። ዛሬ ሌሊት ግን የፈራነው ደረሰ።" ከዚያ የሞቱትን ቁጥር ነገራቸውና "ሁሉም አልቀዋል" አለ። 11 ሰዎች ናቸው። በዚያች ሰዓት ወደ አፉ የመጣው የአባቱ ቃል ነው። ቪዲዮውን ባየሁ ቁጥር እዚያች ላይ እንባዬ ይመጣል።

አንድ ሰው ሳልጠራ አላልፍም። ሃይሜ ሃሪን ከኢኳዶር በ1955 ወደ ሎስ አንጀለስ የመጣ ስደተኛ ነው። መጀመሪያ ፋብሪካ ውስጥ ነበር የሚሠራው፤ ቤዝቦል የሚባል ነገር በአገሩ አያውቅም። በ1959 የዶጀርስን ጨዋታ በስፓኒሽ ማስተላለፍ ጀመረ። ቡድኑ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ስቱዲዮ ተቀምጦ እንግሊዝኛውን በጆሮው እየሰማ በስፓኒሽ ይናገራል። እስከ 2022 ድረስ ሠራ። በየኩሽናው፣ በየእርሻው፣ በየጋራዡ ያሉ የአገሬው ቋንቋ የማይገባቸው ሰዎች በእሱ በኩል ነው ጨዋታውን ያዩት። ስከሊም በዚያው ዓመት በኦገስት ሞተ፤ 94 ዓመቱ ነበር። ወደ ስታዲየሙ የሚወስደው መንገድ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በዚያ ሳልፍ መስኮቱን ዝቅ አደርጋለሁ።

አሁን ለጥያቄዎ መልስ ልስጥ። ምን ይታየኛል?

ከምሽቱ 2 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። እናንተ ጋ ሊነጋ ነው። ሐምሌ ስለሆነ እዚህ ፀሐይ ገና አሁን መጥለቋ ነው፤ ሰማዩ ከታች እንደ በሰለ ኮክ፣ ከላይ ግራጫ። ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ የእኛ ሰዎች ሱቆች ፊት ለፊት፣ መኪና ውስጥ ተቀምጫለሁ። አንዲት ሴት የቡና ቤቷን ደጅ እየጠረገች ነው። መጥረጊያዋ አጭር ነው፤ ጎንበስ ብላ፣ ግራ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። አንድ ጎልማሳ ከልብስ ማጠቢያ ቤት ወጣ። ጥቁር ሱሪ በላስቲክ ተሸፍኖ ክንዱ ላይ ነው። አሁን ከፍ አድርጎ መብራት ላይ አየው። የግራው እግር እጥፋት ከቀኙ ዝቅ ብሏል፤ አንድ ጣት ያህል። የሰፋው ሰው ቸኩሏል። ሰውዬው ቆሟል፣ ይመልሰው አይመልሰው እያሰበ። አሁን ወደ በሩ ዞረ። ተመለሰ።

እሁድ ስደውል እንዲህ አድርጌ ነው የምነግርዎ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ደሴ ዝናብ ከሆነ፣ ሰላምታ ከመለዋወጣችን በፊት እህቴ ስልኩን መስኮቱ ጋ ትያዝልኝ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ልስማው። ሁለታችንም ለአንድ ደቂቃ ምንም አንናገር።

ልጅዎ