እሳት የማረውን ውሃ እንዳይበላው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ገበያ ውስጥ እሳት ሲነሳ ዜናው የሚያበቃው «በቁጥጥር ሥር ዋለ» ሲባል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቀው ነጋዴው ነው። እሳት ያልነካው ጨርቅ በውሃና በጥላሸት ይበላሻል፣ ቡናው ጆንያው ውስጥ ይረጥባል፣ በጥድፊያ ከወጣው ዕቃም ስንቱ የት እንደገባ አይታወቅም። ይህን ጉዳት ለመቀነስ ብቻ የተቋቋመ ሙያ በዓለም ላይ ከ180 ዓመት በላይ ሆኖታል። በድሬዳዋና በሐረር ገበያዎችም ሊኖር ይገባል ብዬ ስለማምን፣ ታሪኩንም አሠራሩንም ባጭሩ ልጻፍ። የምነሳው ከእሳት አደጋ ሠራተኞች አሮጌ ሄልሜት ነው፤ ሙያው ምልክቱን የተወው እዚያ ላይ ነውና።

ድሬዳዋ ባቡር ያቆማት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ከጅቡቲ ከደረሰ ወዲህ የአውሮፓ ዕቃ ሲገባባት ኖሯል። በከዚራም ሆነ በመጋላ፣ በአሮጌ ቤት ጓዳ የነሐስ ሄልሜት ያገኘ ሰው በኪሎ ስንት እንደሚያወጣ ከመጠየቁ በፊት ግንባሩን አገላብጦ ይመልከት። የፈረንሳይ ከሆነ ፊት ለፊቱ በተለጠፈው ሳህን ላይ «ሳፐር ፖምፒዬ» (እሳት አጥፊ ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ፣ ብዙ ጊዜም የከተማ ስም ይገኝበታል። በዚህ ስም የሚጠራውን የፓሪስ ጦር ያቋቋመው ናፖሊዮን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1811። የእንግሊዙ ከፊት ወደ ኋላ አናቱን ይዞ በሚሄደው ሸንተረር ጎንና ጎን ዘንዶ፣ ግንባሩ ላይ ደግሞ የተመሳቀሉ መጥረቢያዎችና ችቦ አለው። የለንደን እሳት አደጋ አዛዥ የነበረው ካፒቴን ኤየር ማሲ ሾው ለከተማው ያስገባው የፓሪሱን አርአያ አድርጎ ነው። የአሜሪካኑ ከቆዳ ቁራጮች የተሰፋ ነው፤ የኋላ ክፈፉ የረዘመውም ከላይ የሚወርደው ውሃ በማጅራት እንዳይገባ ነው። ነሐሱ የተተወው በከንቱ አይደለም። ኤሌክትሪክ በየቤቱ ሲገባ፣ ከተበጠሰ ሽቦ ጋር የተነካካ የነሐስ ሄልሜት የለበሰውን ሰው የሚገድል ሆነ። ስለዚህ ለንደን በ1930ዎቹ ወደ ቡሽና ጎማ ዞረች።

አሮጌውን በሎሚና በጨው ማሸት በጣም የተለመደ ጥፋት ነው። ነሐሱ መዳብና ዚንክ ስለሆነ አሲዱ ዚንኩን ቀድሞ ይበላና ሮዝ ነቁጥ ይተዋል፤ ነቁጡም ተመልሶ አይጠፋም። በሞተር ብሩሽ መወልወልም የሠሪውን ማኅተም ያጠፋል። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና በረጠበ የጥጥ ጨርቅ ላዩን ጠርጎ፣ የውስጥ ገበሩን ሳያረጥቡ፣ ወዲያው ማድረቅና ስስ ሰም መቀባት ይበቃል። ቆዳ ከሆነ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ የድሬ ፀሐይ አድርቆ ይሰነጥቀዋል። አብሮት ግራጫ የጨርቅ ጓንት ወይም ብርድ ልብስ ከተገኘ ደግሞ አታራግፉት። አስቤስቶስ፣ ማለትም እሳት የማይበላው ግን ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን፣ ሊሆን ስለሚችል ውሃ ረጨት አድርጋችሁ በድርብ ላስቲክ እሰሩት። ሄልሜቱን ለሥራ ማድረግ ፈጽሞ አይቻልም፤ ገበሩም የአገጭ ማሰሪያውም በዕድሜ በስብሷል።

በአሮጌ ሄልሜቶች መካከል ቀይ የሆነና የኒው ዮርክን «ፋየር ፓትሮል» ስም የያዘ ይገኛል። ያን ያደረገው ሰው እሳት አጥፊ አልነበረም። ሥራው ከሚነደው ወለል ሥር ያለውን ንብረት መሸፈን ነበር፤ ደመወዙን የሚከፍሉትም የመድን ድርጅቶች ናቸው። የኒው ዮርኩ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1839 ተቋቋመ፤ ሊቨርፑል በ1842፣ ለንደን በ1866፣ ግላስጎው በ1873 ተከተሉ። የለንደኑን የወለደው የ1861ዱ የቱሊ ስትሪት ቃጠሎ ነው። በወንዝ ዳር መጋዘኖች ውስጥ ቃጫ፣ ጥጥ፣ ሞራና ሻይ ታጭቆ ነበር። እሳቱን የሚያግዱት የብረት በሮች ክፍት ስለተተዉ ከመጋዘን ወደ መጋዘን ተሻገረና ለሁለት ሳምንት ያህል ነደደ። የእሳት አደጋው አዛዥ ጄምስ ብሬድውድ ግድግዳ ተደርምሶበት ሞተ። የመድን ድርጅቶቹ ክፍያቸውን አናሩ፤ እሳት የማጥፋቱን ሥራ መንግሥት እንዲረከባቸውም ጠየቁ። ማጥፋቱ ወደ መንግሥት ሲሄድ ንብረት ማዳኑን ለራሳቸው አስቀሩ። የእንግሊዞቹ ቡድኖች በ1984 ፈርሰው ሥራው ወደ እሳት አደጋ ብርጌዶች ተዛወረ፤ የኒው ዮርኩ እስከ 2006 ቆየ። የፈረሱት ሙያው ስላረጀ አይደለም፤ ክፍያው ከመድን ድርጅቶች ትከሻ ስለወረደ ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። አንድ 45 ሚሊሜትር የውሃ ጎማ በደቂቃ 400 ሊትር ያህል ይረጫል። በ10 ደቂቃ 4 ቶን ውሃ ማለት ነው። ከፊሉ በእንፋሎት ይሄዳል፤ የቀረው በወለሉ ስንጥቅ፣ በመብራት ቀዳዳና በደረጃ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ አዳኙ ቡድን የሚገባው ከሚነደው ክፍል ሥርና ጎን ወዳሉት ነው፤ ያውም ውሃው ሳይወርድ በፊት፣ መብራት ከቆጣሪው ተቆርጦ፣ የእሳት አደጋው ኃላፊ ከፈቀደ ብቻ።

ዕቃው ከግድግዳ ተስቦ መሐል ላይ ይከመራል፣ ምክንያቱም ውሃ ግድግዳ ይዞ ይወርዳል። ክምሩ መሐሉ ከፍ ብሎ እንደ ጎጆ ጣራ መዳፋት አለበት። ለጥ ያለ ክምር ላይ የተዘረጋ ሸራ ውሃ ያቁርና በክብደቱ ይቀደዳል፣ ወይም ጎድጎድ ባለው በኩል ያንጠባጥባል። ሁለት ሸራ ሲገናኝ መደራረብ ብቻ አይበቃም፤ ጠርዞቹ አንድ ላይ ተጠቅልለው መታጠፍ አለባቸው። ኮርኒስ የሚያፈስ ከሆነ ሌላ ሸራ ጠርዙ በሁለት ረጃጅም አጣና ላይ ይጠቀለልና አሸንዳ ይሆናል፤ አንዱ ጫፉ ከሚያፈሰው ሥር፣ ሌላው ዝቅ ብሎ በመስኮት ይወጣል። በር ላይ በጆንያ የተሞላ ሰጋቱራ ውሃውን ያግዳል። መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሁሉ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ቢቀመጥ ግማሹ ሥራ ከእሳቱ በፊት አለቀ ማለት ነው።

ሁለት ነገር ሰው ይገድላል። አንደኛው እህል ነው፤ ጆንያው ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ግድግዳ ይገፋል፣ ወለሉም ላይ ክብደት ይጨምራል። እስከ ግድግዳው ከተደረደረ የረጠበ እህል አጠገብ መቆም አይገባም። ሁለተኛው የታሰረ ጥጥ ወይም ልባሽ ጨርቅ ነው። ላዩ የጠፋ መስሎ ውስጥ ለውስጥ ይጨሳል። እሱ ላይ ሸራ ማልበስ እሳቱን መደበቅ ነው፤ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ተፈትቶ፣ ሜዳ ላይ ይጥፋ።

የሐረር ጁገል የራሱ ችግር አለው። መተላለፊያዎቹ ጠባብ በመሆናቸው መኪናው ቆሞ ጎማው ነው የሚገባው። ጥንታዊዎቹ ቤቶች በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ ስለሆኑ ውሃ የጠጣው ጭቃ ድንጋዩን መያዝ ያቅተዋል። እዚያ ውሃን ቶሎ ማስወጣት ንብረት ብቻ ሳይሆን ቤቱን ማዳን ነው። በግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ስፌቶችና ሳህኖች መጀመሪያ ይውረዱ። የወረቀት መጽሐፍ ከረጠበ ገጹን ለመግለጥ አይሞከር፤ እንደተዘጋ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በ48 ሰዓት ውስጥ የሥጋ ማቀዝቀዣ ፍሪዘር ውስጥ ይግባ፣ ሻጋታ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነውና። ማድረቁን ባለሙያ ይሠራዋል።

በየገበያው 8 ሰው ይበቃል፤ ሸራ የሚዘረጋው በጥንድ ስለሆነ አራት ጥንድ ይሆናሉ። ከነጋዴዎቹ ጠባቂዎችና ከተሸካሚዎቹ ቢመረጡ ጥሩ ነው፣ ዕቃው የት እንዳለ ያውቁታል። አንድ ሳጥን ውስጥ 4 በ5 ሜትር የሆነ 12 የጥጥ ሸራ፣ ሦስት ሜትር የሆነ 4 አጣና፣ 50 ሜትር ገመድ፣ 4 ጆንያ ሰጋቱራ፣ 6 የወለል ውሃ መግፊያ ጎማ፣ ባልዲ፣ የእጅ ባትሪ፣ በዕቃ ላይ የሚታሰር ካርቶንና ማርከር ይቀመጥ። ላስቲክ ርካሽ ነው፤ ግን ፍም ሲወድቅበት ይቀልጣል፣ ከእሳቱ ራቅ ላሉ ክፍሎች ብቻ ይዋል።

ቀይ ሄልሜትም አብሮ ይገዛ፣ ቁጥር ተጽፎበት። በገበያ እሳት ጊዜ ሁሉም ዕቃ ይዞ ይሮጣል፤ የሚያድነውና የሚዘርፈው አይለይም። ዕቃ ማውጣት የተፈቀደለት ቀይ ያደረገው ብቻ ነው ከተባለ ፖሊስም ባለ ሱቁም ሥራው ይቀልለታል፤ በወጣው ዕቃ ላይም የሱቁ ቁጥርና ያወጣው ሰው ቁጥር ይጻፋል። የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉት የፕላስቲክ ሄልሜት ከላይ ከሚወድቅ ነገር ይጠብቃል እንጂ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ያደረገው ሰው እሳቱ ወዳለበት ክፍል እንዳይገባ ከመጀመሪያው ቀን ሊነገረው ይገባል።

ሸራዎቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ወጥተው በፀሐይ ፊት ይያዙ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይጣፍ፣ እጥፉም በሌላ መስመር ይለወጥ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የታጠፈ ሸራ እዚያው ይበላልና። ከሥራ በኋላ እርጥቡን አጥፎ ሳጥን ውስጥ መክተት በሳምንት ውስጥ ያበሰብሰዋል። ሳጥኑ ከገበያው ውጭ፣ ጥበቃው ሌሊትም በሚገኝበት በር አጠገብ ይቀመጥ፤ ቁልፉ ሁለት ይሁን፣ አንዱ ጥበቃው ዘንድ፣ አንዱ በቅርቡ ባለው የእሳት አደጋ ጣቢያ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ