ይድረስ ለካርታው

ለውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። «ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብኝም» ብዬ በልማዳችን ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ድምፁን ያጠፋ ሰው ስለ ናፍቆት ቢያወራ ማን ያምነዋል? ደብዳቤውን የምታደርስልህ እማዬ ናት። በፖስታ ልላከው ብላት «እኔ እይዘዋለሁ» አለችኝ፤ ፊቷን አይቼ አልተከራከርኩም። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኘዋለህ።

በነሐሴ አምስታችን በአንድ ቫን ታጭቀን ከሜሪላንድ ሎስ አንጀለስ ድረስ ሄድን። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ፍልሰታ እንደተፈታ ባለው ቅዳሜ ያገባ ነበር። የአምስት ሰው የአውሮፕላን ቲኬት ዋጋ ሳይ ሙሽራውን በስልክ መርቄ ልተወው አስቤ ነበር። እማዬ ደግሞ ልትጠይቀን መጥታ ስለነበር «ይህን ሁሉ አገር በደመና ላይ ዘልዬው ልመለስ ነው?» አለች። በዚሁ ተቆረጠ፤ ስምንት ሰው የሚይዝ ቫን ተከራየን። ከ4,200 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ ነሐሴ 6 ተነሥተን ነሐሴ 15 ማታ ገባን።

መነሻችን ላይ አንተ ብትኖር ኖሮ እላለሁ። ቁጥር 70 አውራ ጎዳና ከባልቲሞር ነው የሚጀምረው። ልጄ «ከመጀመሪያው ካልጀመርን አይቆጠርም» ብሎ ያለ መንገዳችን ወደዚያ አዞረን። እዚያ አንድ ሰሌዳ አለ፤ ኮሎምበስ፣ ሴንት ሉዊስ፣ ዴንቨር ይልና ከሁሉም በታች «ኮቭ ፎርት 2,200 ማይል» ይላል። ኮቭ ፎርት ማንም የማያውቃት፣ መንገዱ ዩታ ውስጥ የሚያልቅባት ቦታ ናት። የጂኦግራፊ መምህራችን ካርታ ባስፈለጋቸው ቁጥር ጠመኔውን ለአንተ ሲሰጡህ፣ አንተም ዓባይን ከጣና አንሥተህ እጅህን ሳታነሣ ሜዲትራኒያን ስታደርሰው ታየኝ። ለልጆቼ የቅጽል ስምህን ታሪክ የነገርኳቸው ያኔ ነው። ትንሿ ልጄ ከዚያ በኋላ መንገድ በተምታታብኝ ቁጥር «አባዬ፣ ለካርታው ደውልለት» ትለኝ ጀመር። አፏን በሳምቡሳ እያስያዝኩ አለፍኩ።

ስለ ኦሃዮና ስለ ኢንዲያና የምነግርህ የለኝም፤ በቆሎ ነው። ሴንት ሉዊስ 192 ሜትር የሚረዝመውን የብረት ቅስት ከሥር አንጋጠን አየን፤ በውስጡ ወደ ላይ የምታወጣዋን ጠባብ ሣጥን እማዬ አይታ «ከነሕይወቴ አልገባም» አለች።

ፍልሰታን በጎዳና ላይ ነው የጾመችው። ቡታጋዝ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ በጋቢዋ የተጠቀለለ ጀበና፤ የቫኑ ግማሽ የእሷ ጓዳ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። ችግሩ ወደ ምዕራብ በሄድን ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ መመለሱ ነው። አንድ ቀን ካንሳስ ጫፍ ላይ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሶዋን በጥብጣ ልትጎነጭ ስትል ልጄ ከኋላ «አያቴ፣ አሁን ስምንት ሰዓት ሆኗል» አላት። ባለቤቴ «እማማ፣ የተነሡበት ሰዓት ይቁጠርልዎ እንጂ» ብትላት፣ ጽዋውን መልሳ ከድና «ቤተ ክርስቲያን ከሜሪላንድ ሰዓት ጋር ምን አላት?» አለች። ያን ሰዓት ሙሉ ጽዋውን ጉልበቷ ላይ ይዛ ነው የተጓዘችው።

ካንሳስን ካነሣሁ ማሽላውን ልንገርህ። ግዛቲቱ ከዳር እስከ ዳር 680 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ መንገዱ በካስማ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ያለ ነው። ድንገት እማዬ «አቁም! አቁም!» አለች። ደንግጬ የሚቀጥለውን መውጫ ይዤ አንድ የአፈር መንገድ ዳር ቆምኩ። ወርዳ ነጠላዋን አጣፍታ እርሻው ዳር ሄደችና አንዱን ራስ በመዳፏ ይዛ ፈተገችው፤ እፍ ብላ ጥቂት ፍሬ አፏ ልታደርግ ስትል ጾሙ ትዝ አላት። «ማሽላ ነው! ገና እሸት ነው!» ወገቧ ድረስ እንኳን አይደርስም። «ምን ሆኖ ነው እንዲህ ያጠረው? ታሞ ነው?» ልጄ ስልኩን ፈትሾ ለማጨጃ ማሽኑ እንዲመች ተብሎ እንደዚያ የተዳቀለ መሆኑን፣ ካንሳስም በማሽላ ምርት ከአሜሪካ አንደኛ መሆኗን ነገራት። እሷ ግን ሌላ ነገር ነበር የምትፈልገው፤ አሻግራ አሻግራ አየች። «ማማው የታለ? ወፍ የሚጠብቅ ልጅ የለም?» እስከ አድማስ ድረስ አንድ ሰው አይታይም። «ይህን ሁሉ እህል ብቻውን ትተውት» እያለች እያዘነች ነው መኪና ውስጥ የገባችው፤ ለማን እንዳዘነች እስካሁን አልገባኝም።

ከዚያ ጥቂት እንደ ሄድን፣ አጠገቤ ተቀምጣ ዓይኗ መንገዱ ላይ እንዳለ፣ «ለካርታው እናቱ ያረፉ ጊዜ ደውለህለታል አይደል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ምን አለህ?»

«ተጽናንቷል።»

ሁለት ቃል፣ ሁለቱም ውሸት።

እንግዲህ ይኸው፣ ወንድሜ። መርዶውን የሰማሁት የሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ነገ እደውላለሁ አልኩ። በማግስቱ ምን ብዬ እንደምጀምር ሳወጣ ሳወርድ ውዬ ተኛሁ። ሠልስቱ አለፈ፤ አርባው አለፈ። ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላማ ከማዘን ይልቅ ማፈር ሆነ ሥራዬ፤ ስምህን ስልኬ ላይ ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ያን ሰማያዊ የትምህርት ቤት ሹራቤን አጥር ላይ ስቀድደው እናትህ፣ እማዬ እንዳታየኝ ብለው፣ ሰማያዊ ክር ቢያጡ በጥቁር ክር ሰፍተው የሸኙኝ አይረሳኝም። እኚያን እናት ነው ያላለቀስኩላቸው።

ኮሎራዶ ውስጥ ጎዳናው በዋሻ ውስጥ ሲያልፍ 3,400 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ባለቤቴንና ልጆቹን ራሳቸውን አመማቸው፤ የሰሜን ሸዋዋ እማዬ ብቻ «እንዴት ያለ አየር ነው!» እያለች መስኮት ከፈተች። ከዚያ ወርደህ ግሌንዉድ የሚባል ሸለቆ ውስጥ ትገባለህ፤ መንገዱ በግራና በቀኝ ቀጥ ባለ ገደል መካከል በኮሎራዶ ወንዝ ዳር ዳር ይጠማዘዛል። በ1992 እ.ኤ.አ. ነው ያለቀው። እማዬ የዓባይ በረሃን አስታውሳ «ከጎሐ ጽዮን ደጀን እንደዚህ ቢሠሩልን» አለች። እኔም አልኩ።

ዩታ ውስጥ ግሪን ሪቨር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከእሷ በኋላ ወደ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳጅ ማደያም ሱቅም የለም፤ ሰሌዳው አስቀድሞ ያስጠነቅቅሃል። የቫኑ ማቀዝቀዣ የሞተው እዚያች ከተማ ስንደርስ ነው። አከራዮቹ ጋ ብደውል ሙዚቃ ሲያሰሙኝ ቆዩ። ሙቀቱ ድንጋይ ያቀልጣል። እማዬ ለጽናት ነው ብላ አንድ ጥላ ሥር ጀበናዋን ጣደች። ሽታው ነው መሰለኝ፣ ማዶ ከቆመ ከባድ መኪና አንድ የእኛ አገር ሰው ወርዶ መጣ። ሰላምታ ሳያስቀድም «እውነት ነው ወይስ ፀሐዩ ነው?» አለ።

የሚጠጣው አቦል ብቻ እንደሆነ አስቀድሞ ተናገረ፤ በሕጉ በቀን ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይችልም፣ መሣሪያው እያንዳንዷን ደቂቃ ይመዘግብበታል። ስኒውን ሲይዘው እጁ ላይ ያለውን አየሁ፤ ወፍራም፣ ዘይት የጠገበ ጣት፣ ስኒዋ እንዳትሰበርበት የፈራ ይመስል በሁለት እጁ አቀፋት። እማዬ እንደ ልማዷ አባትና እናትህ አሉ ወይ አለችው። «እናቴ አምና አረፈች። ዋዮሚንግ ውስጥ ጭነት ይዤ ነበር። ጭነቱን አድርሼ ነው ያለቀስኩት።»

«ማን አለቀሰልህ?»

«ማንም፣ እማማ። ብቻዬን ነበርኩ።»

እማዬ ተነሥታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አንገቱን አቀፈችና አለቀሰች። ያ ትልቅ ሰው ነዳጅ ማደያ ጥግ ላይ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ስለ ሰዓቱ አንሥቶ ሳያወራ ቶናውንም በረካውንም ጠጣ።

ከዚያ ያንን ባዶ መንገድ በተከፈተ መስኮት ገባንበት። ግማሹን ስንጨርስ «እማዬ፣ ለካርታው አልደወልኩም» አልኳት። አልጮኸችም። ቀና ብላ አየችኝና መንገዱን መልሳ ማየት ጀመረች። የመጀመሪያው ማደያ ስንደርስ ባለቤቴን ወደ ፊት አስቀምጣ ራሷ ከልጆቹ ጋር ከኋላ ገባች። ላስ ቬጋስን እንኳን ከኋላ ሆና ነው ያየችው።

ነሐሴ 16 ጾሙን የፈታነው ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ነው፤ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተማው «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየማት ሰፈር ናት። ዶሮው መጣ። እማዬ ለባለቤቴ አጎረሰች፣ ለልጆቹ አጎረሰች፣ ለማታውቀው አስተናጋጅ ሳይቀር አጎረሰች። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሠርጉ ላይም እንዲሁ። በአሥር ቀን የሄድነውን በአምስት ሰዓት በረን ተመልሰን ይኸው ሳምንት ሆነን፤ ጉርሻ የለም። ትናንት «ጻፍከው?» አለችኝ፤ እየጻፍኩ ነው አልኳት።

ስለ እናትህ ነፍስ ይማር እላለሁ፤ አንተንም እግዚአብሔር ያጽናህ። ዘግይቻለሁ፣ አውቃለሁ። ልትቆጣኝ ከፈለግህ ተቆጣኝ፤ ስልኬ አልተቀየረም።

እማዬ መስከረም 20 ትገባለች፤ በማግስቱ እናንተ ዘንድ ሳትመጣ አትቀርም። ቡና አፍሉላት። ስኳር ትታለች።

ያንተው፣
የሹራቡ ባለቤት