የኩላሊት ሕመምተኛ ውሻችንን አብራችሁን ላስታመማችሁ ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋና ለፈጣሪ ይሁን። ውሻችን ዛሬ ተነስታ ሳህኗን በራሷ መላስ ጀምራለች። እዚህ እስክትደርስ ከጎናችን ያልተለያችሁትን በደፈናው «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለን ማለፍ አልፈለግንም። የእያንዳንዳችሁ ሥራ ለምን እንደጠቀመ አብረን ብንጽፈው፣ ነገ ተመሳሳይ ሕመምተኛ ለሚያስታምም ሰውም ይደርሳል።

ዶክተር፣ የምርመራውን ወረቀት ቁጥር በቁጥር ስላስረዱን እናመሰግናለን። ክሬያቲኒን፣ ማለትም ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ፣ 3.4 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር መሆኑ የኩላሊት ሕመሙ ሦስተኛ ደረጃ ላይ መድረሱን እንደሚያሳይ ነገሩን፤ ይህ ደረጃ ከ2.9 እስከ 5.0 ያለውን ይይዛል። የተጎዳው የኩላሊት ክፍል ተመልሶ እንደማያገግም አልደበቁንም። የተረፈውን ግን በምግብ ማቆየት እንደሚቻል፣ ዋናው ጠላትም ከምግብ የሚገባው ፎስፈረስ የተባለው ማዕድን እንደሆነና በደሟ ውስጥ ያለውን ከ5.0 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ማውረድ እንዳለብን አሳዩን። «ሥጋ ጨርሶ ከልክሏት» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ሲመጣ እርስዎ አልተቀበሉትም። ፕሮቲን ከሚገባው በታች ያገኘ ውሻ የራሱን ጡንቻ ያፈርሳል፤ የፈረሰው ጡንቻ ደግሞ ያው ዩሪያ የተባለ የፕሮቲን ቆሻሻ ሆኖ ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ ፕሮቲኑ የሚመጠነው በዓይነቱም በልኩም ነው እንጂ አይጠፋም።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግንዎት ግን ስላስቆዩን ነው። እያስመለሳት ሳለ ለኩላሊት ሕመም የሚሰጠውን አዲስ ምግብ ለማቅረብ ስንቸኩል «አሁን አይደለም» አሉን። ውሻ እያቅለሸለሸው የቀመሰውን ምግብ ከሕመሙ ጋር ያያይዘዋል፤ ከዳነ በኋላም ሽታው ሲደርሰው ፊቱን ያዞራል። ያኔ ቢቀርብላት ኖሮ ዋናውን መድኃኒቷን ባጣን ነበር። መጀመሪያ ማቅለሽለሹ በመድኃኒት ታገሠ፣ የሰውነቷ ፈሳሽ ተተካ፣ ከዚያ ነው አዲሱ ምግብ የገባው፤ ሩብ አዲስ፣ ሦስት ሩብ የለመደችው። በየአራት ቀኑ አንድ ሩብ እየጨመርን ሙሉ ለሙሉ ለመቀየር ሁለት ሳምንት ያህል ፈጀ። አንዳንድ ውሻ አራት ሳምንት ይፈልጋል፤ ያም ቢሆን ያዋጣል።

እህታችን፣ ወጥ ቤቱን ለተረከብሽልን። ሥጋውን አድቅቀሽ በብዙ ውኃ ቀቅለሽ ውኃውን መድፋትሽ ለብዙ ሰው ብክነት ይመስላል። ነገር ግን ከሥጋው የወጣው ፎስፈረስ የቀረው እዚያ መረቅ ውስጥ ነው፤ መረቁን ምግቡ ላይ ማፍሰስ የወጣውን መልሶ ማስገባት ነው። እንቁላሉንም እንዲሁ ለይተሽ ነው የሠራሽው፤ የአንድ እንቁላል ነጩ 5 ሚሊ ግራም ገደማ ፎስፈረስ ሲኖረው አስኳሉ ግን ከ60 በላይ አለው። ነጩን ጥሬውን አለመስጠትሽም ትክክል ነው፤ ጥሬው ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን አስሮ ሰውነት እንዳያገኘው ያደርጋል፣ ሲበስል ግን አያስረውም። ካልሲየሙን ከአጥንት ዱቄት ሳይሆን ከተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ያደረግሽው የአጥንቱ ዱቄት ፎስፈረስ ይዞ ስለሚመጣ ነው። የዓሣ ዘይት ሲታዘዝ የዓሣ ጉበት ዘይት ገዝተን ስንመጣ እንድንመልሰው ያደረግሽንም አንቺ ነሽ፤ የጉበቱ ዘይት ቫይታሚን ኤ እና ዲ ይበዛበታል፣ ዲ ደግሞ ካልሲየምንም ፎስፈረስንም ከአንጀት ይስባል። ሁሉንም ባለሙያ ባወጣው ልክ በሚዛን ሰፈርሽ እንጂ አንድም ቀን በዓይን ግምት አልሠራሽም። በግምት የሚሠራ የቤት ምግብ ቶሎ የሚሳሳተው ካልሲየሙ ላይ ነው።

የክሊኒኩ ረዳቶች፣ ፎስፈረስን አስሮ ወደ ደም እንዳይገባ የሚያደርገውን ዱቄት እንዴት እንደምንሰጥ በእጃችሁ ስላሳያችሁን። ዱቄቱ የሚሠራው አንጀት ውስጥ ምግቡ ላይ ነው፤ በባዶ ሆድ ከተሰጠ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ገበታ ጋር ተከፋፍሎ፣ ከእርጥቡ ምግብ ጋር በደንብ ይለወሳል። አልበላ ስትል በሲሪንጅ አፏ ውስጥ እንጭመቅ ስንል የከለከላችሁንም አንረሳውም፤ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባባት ይችል ነበር፣ የምግብ ጥላቻውም ይብስ ነበር። ምግቡን እንደ ሰውነት ሙቀት፣ ወደ 38 ዲግሪ አሙቃችሁ፣ ጥቂት በጥቂት አቅርባችሁ፣ ካልነካችው ከ15 ደቂቃ በኋላ አንስታችሁ ነው ያስለመዳችኋት። አፍንጫዋ ሥር ውሎ የሚያድር ሳህን ራሱ ያቅለሸልሻታል።

ጎረቤታችን እማማ፣ ሌሊት ሌሊት የውኃውን ሳህን እየሞሉ ስላደሩልን ዕድሜ ይስጥልን። ቤት ውስጥ ስትሸና «ውኃውን አንሱት» ያላሉ እርስዎ ብቻ ነበሩ። የታመመ ኩላሊት ውኃውን ለሰውነት አስቀርቶ ሽንትን ማወፈር አይችልም፤ ብዙ የምትጠጣው ብዙ ስለሚወጣት ነው። ውኃ ከተከለከለች ሽንቱ አይቆምም፣ ደሟ ነው የሚደርቀው።

ልጆች፣ የእናንተ ከሁሉ ይከብዳል። ዓይን ዓይናችሁን እያየች አጥንት አለመወርወር፣ አይብ አለማጉረስ፣ ዘቢብ ከወለሉ ላይ መልቀም ቀላል አይደለም። አጥንትና አይብ ፎስፈረስ ናቸው፣ አይብ ጨውም አለበት፤ ዘቢብና ወይን ደግሞ የጤነኛ ውሻን ኩላሊት እንኳ ሊያበላሹ ይችላሉ። ኪኒኗን በአይብ ፋንታ ከራሷ ምግብ በተድበለበለች ትንሽ ጉርሻ ውስጥ የደበቃችሁት እናንተ ናችሁ።

የመጨረሻው ለማስታወሻ ደብተሩ ባለቤት፣ ለታናሽ ወንድማችን ነው። ክብደቷን በ30 አባዝተህ 70 ስትደምርበት፣ ለ10 ኪሎ ውሻ በዕረፍት 370 ኪሎ ካሎሪ፣ ያንን በ1.4 ስታበዛው ለቀን 520 ገደማ እንደሚያስፈልጋት ያወቅነው በአንተ ስሌት ነው። የቀረበውንና የተረፈውን በግራም ስለጻፍክ፣ «በላች» ስንል ግማሹን ብቻ እንደነበር አየን፤ ሐኪሟም የምግብ ፍላጎት መድኃኒት በጊዜ ጀመሩላት። በየሳምንቱ ስትመዝናት ጀርባዋን በእጅህ መዳበስህም ጠቅሟል፤ ፈሳሽ ሲገባ ሚዛኑ ይዋሻል፣ የጀርባ አጥንቷ ግን አይዋሽም። ከ4 ሳምንት በኋላ ለሚደረገው የደም ምርመራ ይህንኑ ደብተር ይዘን እንሄዳለን። የትናንት ማታው መስመርህ እንዲህ ይላል፦ «ቀረበ 180 ግራም፣ ተረፈ 0።»

ከልብ በመነጨ ምስጋና
አሳዳጊዎቿ