ድንቹን ገና አልተከልኩም

ኑረንበርግ፣ ጀርመን
መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የእማዬስ ጉልበት እንዴት ሆነላት? እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ባለፈው ስልኩ እየተቆራረጠ ሲያስቸግረን «ድንቹን ተከልሽው ወይ?» ያሉኝን ብቻ ሰማሁ፤ መልሴ ሳይደርስዎ ጠፋ። በደብዳቤ ልመልስልዎ፣ እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

አልተከልኩም፣ አባዬ። ዘሩ ግን ተዘጋጅቷል። አናቤል የሚባል ቶሎ የሚደርስ ዓይነት ነው፤ ሞላላ፣ ውስጡ ቢጫ። ከየካቲት ማለቂያ ጀምሮ በእንቁላል ካርቶን ላይ ዓይኑን ወደ ላይ አድርጌ ደርድሬ፣ ማሞቂያ በሌለበት ክፍል መስኮቱ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ዛሬ ጠዋት አንዱን አንስቼ ሳየው ጉንቁሉ የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህላል፤ አጭርና ወፍራም፣ ጠንከር ያለ ነው። እርስዎ ቆጥ ላይ ዘርግተው ብርሃን ሲያስመቱት እንደሚያወጣው ማለት ነው፤ ጨለማ ውስጥ እንደተረሳ ድንች ነጭና ረጅም፣ ሲነኩት እንክት የሚል አይደለም።

ያዘገየኝ የአምናው ነገር ነው። አምና የአትክልት ቦታውን ተከራይቼ የመጀመሪያዬ ነበር። በሕጋቸው ከእንዲህ ያለው ቦታ ቢያንስ ሲሶው የሚበላ ነገር ሊበቅልበት ይገባል፤ እኔ ግማሹን ቆፍሬ ጠበቅሁ። መጋቢት ላይ ጥቂት ቀን ሞቅ አለ። ሰዉ ካፖርቱን አውልቆ ደጅ ሲቀመጥ አየሁና ልቤ ተነሣ፤ በዚያው ቅዳሜ ተከልኩት። እናንተ የየካቲትና የመጋቢቱን ዝናብ ተሻምታችሁ የምትተክሉት ሰኔ ላይ ጎተራው ስለሚራቆት ነው፤ እህሉ እስኪደርስ ቤቱን የሚያቆየው የበልግ ድንች ነው። እዚህ ግን ድንች ዓመቱን ሙሉ ከገበያ አይጠፋም። እኔን ያስቸኮለኝ እጄን አፈር ውስጥ መክተት መናፈቄ ነው።

አየሩ ቢሞቅም መሬቱ ገና ብርዱን አልለቀቀም ነበር። ከተከልኩት ገሚሱ በቅዝቃዜና በእርጥበት እዚያው በሰበሰ። የተረፈው በቀለ፤ ቅጠሉ መዳፍ ሲያህል በሚያዝያ አጋማሽ ውርጭ ወረደ። ፍራንከን የሚባለውን የዚህን አካባቢ ወይን ሳይቀር ያቃጠለ ውርጭ ነው። ሌሊት ሥራ አድሬ ጠዋት በዚያው ብሄድ፣ ቅጠሉ የፈላ ውኃ የተደፋበት ጎመን መስሎ ጠቁሮ መሬት ላይ ተኝቷል። ቁጢጥ ብዬ አለቀስኩ። ከሥሩ እንደገና አቆጠቆጠ፣ ግን ዘገየ፤ ያወጣሁትም ትንንሽ ነበር።

ዘንድሮ እንግዲህ እንደ እርስዎ ነው የማደርገው። ትዝ ይልዎታል? ከመትከልዎ በፊት አፈሩን ጨብጠው፣ ጨመቅ አድርገው መዳፍዎን ይከፍቱ ነበር። ተጣብቆ ከቀረ «ይቆይ» ይላሉ፤ ፍርፍር ካለ ዘሩን ያስመጣሉ። እሁድ ሄጄ እንዲሁ አደረግሁ፤ ጭብጤ የጣቶቼን ምልክት ይዞ እንደ ጭቃ ቀረ። መሬት ውስጥ የሚሰካ ቴርሞሜትርም ገዝቻለሁ። አንድ ጣት ጥልቀት ላይ አይደለም የሚለካው፤ ድንቹ የሚተኛበት 10 ሴንቲ ሜትር ድረስ ዘልቄ ነው። ጠዋት 5 ዲግሪ ነበር፤ 7 ወይም 8 ሳይሞላ አልነካውም።

ጎረቤቴ የሆኑ አሮጊት አሉ፤ ሰባ ዓመት ሙሉ መሬት ቆፍረዋል። ድንች ራሱ ሰውን እንዲህ ይለዋል አሉኝ፦ «በኤፕሪል ብትተክሉኝ እኔ ባሻኝ ልምጣ፣ በሜይ ብትተክሉኝ አሁኑኑ ልውጣ»። በእነሱ ቋንቋም ቤት ይመታል። እኛ በልደታ፣ በጊዮርጊስ እንደምንቆጥረው እነሱም የሚፈሯቸው ቀኖች አሏቸው፤ «የበረዶ ቅዱሳን» ይሏቸዋል። ከግንቦት 3 እስከ 7 ነው፤ ከልደታ ሁለት ቀን አልፎ ማለት ነው። ቲማቲምና ፎሶሊያ ወደ ደጅ አውጥተው የሚተክሉት እነዚያ ካለፉ በኋላ ነው። ድንች ግን አፈር ውስጥ ስለሚሸሸግ ቀድሞ ሊገባ ይችላል፤ የሚጎዳው ቅጠሉ ሲወጣ ነው። ድንችን ወደ አገራችን ያስገባው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ መሆኑን ስነግራቸው እጄን ይዘው ደስ አላቸው።

ከከተማው ሰሜን ክኖብላውክስላንድ የሚባል የአትክልት ገበሬዎች አገር አለ፤ የነጭ ሽንኩርት አገር ማለት ነው። መሬቱ አሸዋማ ስለሆነ ቶሎ ይሞቃል። በዚህ ወቅት በአውቶቡስ ሳልፍ ማሳው ሁሉ ነጠላ የለበሰ ይመስላል፤ ቀጭን ነጭ ጨርቅ አልብሰውት ነው። የእኔ ግን ዋልካ የበዛበት፣ ከተዳፋት ግርጌ ያለ ነው፤ ብርዱ እንደ ውኃ ቁልቁል ወርዶ ይተኛበታል። እነሱ ተከሉ ብዬ አልከተልም። ጨርቁን ግን ገዝቻለሁ።

ቀኑን እንዲህ ቆርጬዋለሁ። በሚመጣው ሳምንት ማለቂያ መጋቢት 27 መድኃኔዓለም ነው፤ በማግስቱ እሁድ፣ ሰኞ ደግሞ በዓለ ወልድ። እርስዎ በእነዚህ ቀኖች ሞፈር አያነሱም፣ እኔም አካፋ አላነሳም። ስለዚህ የሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ሚያዝያ 4፣ አፈሩ ከፈቀደ እተክላለሁ። በድንችና በድንች መካከል አንድ ክንድ አይሞላም፣ ከመስመር መስመር ግን ሰፋ አድርጌ፤ አፈር የማስታቅፍበት ያስፈልገኛል። ቡቃያው ብቅ ሲል ማታ ማታ ጨርቁን አለብሰዋለሁ።

እግዚአብሔር ካለ ሰኔ መጨረሻ ላይ አወጣዋለሁ። ምች ሳይደርስበት፣ የሐዋርያት ጾም ሳይፈታ። እናንተም የበልጉን የምትቆፍሩት በዚያው ሰሞን ነውና፣ አንድ ቀን ተነጋግረን እኔ እዚህ እናንተ እዚያ ሰከላ አዲስ ድንች ቀቅለን በሰናፍጭ እንብላ።

ዝናቡ ጣለላችሁ ወይ? በለጠ የሚባለውን ድንች ተከላችሁት ወይስ ዘሩ አነሰ? ለዘር መግዣ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ በእህቴ ስም ልኬያለሁ። እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ።

ናፋቂ ልጅዎ