ኮሚናሉን ለልጆቻችን በየዕድሜያቸው እንከፋፍለው

የግቢያችን ነዋሪዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ይከፈት የነበረው ኮሚናል አሁን ከሰኞ እስከ አርብ የልጆች መዋያ ሆኗል። ደስ ይላል። ችግሩ ሁሉም ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መጫወቻ መዋሉ ነው። እጃችንን የዘረጋነው ለዚሁ ነው። ሌላ መጫወቻ ከመጨመራችን በፊት ቦታውንና ሰዓቱን በዕድሜ መለየት እንፈልጋለን።

ነገሩን ለማየት አንድ ቀን ከሰዓት ብቅ ማለት ይበቃል። ትልልቆቹ ጥግ ይዘው ብይ ይጫወታሉ። አንዷ ብይ ተንከባልላ ምንጣፉ ጋ ትደርሳለች። ገና ዳዴ ማለት የተወ ልጅ ያነሳታል። ቀጥታ ወደ አፉ! ሞግዚቷ ሮጣ ከከንፈሩ ላይ ትቀማዋለች። ልጁ ያለቅሳል፣ ትልልቆቹም ብያችንን መልሱ ብለው ይጮኻሉ።

የማንም ጥፋት አይደለም። ብይ ለአስር ዓመት ልጅ ግሩም ጨዋታ ነው። ማነጣጠርን፣ ተራ መጠበቅን፣ ተበልቶ ዝም ማለትን ያስተምራል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ጉሮሮ የሚዘጋ ነገር ነው። በዚያ ዕድሜ ዕቃ የሚመረመረው በአፍ ነዋ። ቀላል መለኪያ አለች። ሶፍት ሲያልቅ መሃሉ ላይ የሚቀረውን ካርቶን ውሰዱ። በዚያ ሾልኮ የሚያልፍ ዕቃ ለእነዚህ ልጆች አይሰጥም። (በዚያው፣ ቡና ላይ ቆሎና ፈንዲሻ የምታቀምሷቸው እባካችሁ ተዉ። ኦቾሎኒም ያው ነው። አራት ዓመት ይሙላቸው።)

ስለዚህ መጀመሪያ የምናሠራው እስከ ወገብ የሚደርስ፣ በር ያለው የእንጨት መከለያ ነው። ወለሉ ላይ ስፖንጅ ምንጣፍ ይነጠፋል። ከዚያ ወዲያ ለትንንሾቹ ውድ ነገር አያስፈልግም። ጠርዙ የለሰለሰ የሚደራረብ እንጨት፣ ክዳን ያለው ባዶ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ትልቅ ኳስ፣ አብራቸው የምትዘፍን ሰው፤ በቃ።

አንድ ጎረቤታችን ቴሌቪዥን ልስጥ ብለዋል። እግዜር ይስጥልን፤ ግን ከመከለያው ውስጥ አናስገባውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጥ ይመክራል። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉትም በቀን ከ1 ሰዓት አይበልጥ ይላል። ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ በቀን ቢያንስ 3 ሰዓት መንቀሳቀስ አለበት። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚያድግ ልጅ ይህን ከየት ያመጣል?

ከአራት እስከ አስራ አንድ ዓመት ያሉት ብዙም አያስቸግሩም። የሱዚ ላስቲክ፣ ለሰኞ ማክሰኞ ጠመኔ፣ ገበጣ፣ የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ የተረት መጻሕፍት ካገኙ ቀሪውን ራሳቸው ይፈጥሩታል።

ያሳሰቡን ከአስራ ሁለት በላይ ያሉት ናቸው። ባለፈው ክረምት መጀመሪያ ላይ ሁሉም መጥተው ነበር። ከሕፃናቱ ጋር ክብ ሠርታችሁ አጨብጭቡ ሲባሉ ግን አንድ በአንድ ቀሩ። አሁን ደረጃው ላይ ተደርድረው ስልክ ሲነካኩ ይውላሉ። አይፈረድባቸውም። የአስራ አራት ዓመት ልጅ እንደ ሕፃን ከታየ አይመለስም። ምን ትፈልጋላችሁ ብለን ስንጠይቃቸው ያሉን ነገር ተራ ነው። ለሚኒስትሪና ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚያጠኑበት ጸጥ ያለ ክፍል፣ ጆተኒ፣ ቼዝ፣ ደግሞም የክፍሉን ደንብ ራሳቸው እንዲያወጡ። አንዳንዶቹ ታናናሾቻቸውን ሒሳብ እናስጠና ብለዋል። ትልቅ ሰው አብሯቸው እስካለ ድረስ እሰየው ነው። ለእነሱ ያሰብነው ፎቁ ላይ የእድሩ ድስትና ወንበር የተከመረበትን ክፍል ነው። እድሩ ዕቃውን ለማውረድ ተስማምቷል። ክፍሉ ግን መብራትም፣ የሚቆለፍ በርም የለውም።

የጠየቅነው ከየቤቱ 500 ብር ነው። የማይመቸው ሰው አይሳቀቅ። እንጨት የሚላግ፣ መብራት የሚዘረጋ፣ ቀለም የሚቀባ እጅም እንፈልጋለን። ከግቢያችን ወጥታችሁ ዱባይም ዋሽንግተንም ያላችሁ፣ መጫወቻ በካርጎ አትላኩ። በማጓጓዣው ዋጋ እዚሁ አናጢ እናሠራለን። የተሰበረ መጫወቻና ዓይኑ በቁልፍ የተሰፋ አሻንጉሊትም አንቀበልም፤ እንዳትቀየሙን።

እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የሚከብደው መከለያው አይደለም። ሁለተኛ ሞግዚት መቅጠር ነው። በሁለት ክፍል የተለዩ ልጆችን አንድ ሰው አይጠብቅም፤ ደመወዝም በየወሩ ይመጣል። አንድ ጊዜ ብዙ ከሚሰጥ ይልቅ በየወሩ ጥቂት የሚያዋጣ ሰው ቢገኝ እንመርጣለን። ሁለት ሦስት ቤት ተጣምራችሁ ብትይዙትም ይሆናል።

ትምህርት ቤት ሳይዘጋ፣ በሰኔ ውስጥ ሥራውን መጨረስ አለብን። ሐምሌ ከገባ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ እኛው ጋ ናቸው። ገንዘቡን የምትሰጡት ለየብሎካችሁ ተወካይ ነው። የገባውና የወጣው በየሳምንቱ ኮሚናሉ በር ላይ ይለጠፋል። ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ።