ከእማዬ ጎን ለቆማችሁ ሁሉ

እማዬ ለካንሰሯ የጨረር ሕክምናዋን ጨርሳ ሰኞ ደብረ ማርቆስ ገብታለች። ዛሬ ግማሽ እንጀራ በላች። ግማሽ! የነበረውን ስለምታውቁት አልደግመውም።

ከማን እንደምጀምር አውቃለሁ። አዲስ አበባ በታከመችበት ሆስፒታል ከሚሠራው የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ነው። እንዲህ ያለ ሙያ መኖሩንም አላውቅም ነበር። ጨረሩ በየት በኩል፣ ምን ያህል ይግባ የሚለውን ከሐኪሟ ጋር የሚያሰላው እሱ ነው። የቢቸና ልጅ ነው። እማዬ የመጀመሪያ ቀን "ጨረሩ ውስጤ ይቀራል፤ ከእንግዲህ የልጅ ልጆቼን አላቅፍም" ብላ አለቀሰች። መጥቶ አጠገቧ ቁጭ አለ። "እማማ፣ ኩራዝ ሲያጠፉ ብርሃኑ ቤት ውስጥ ይቀራል? ይሄም ማሽኑ ሲጠፋ ያበቃል" አላት።

"አንገቴንስ አይጠብሰውም?" አለች።

"በአንድ በኩል ብቻ አይገባም። የሙጋንና የጨሞጋን ወንዞች በበጋ በእግርዎ ይሻገራሉ። ወንዞቹ ተሰብስበው ዓባይ ከገቡ በኋላ ግን ማን ይደፍራል? እጢው ያለበት ቦታ ዓባይ ነው።"

ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ! ቆዳዋ መጥቆሩ፣ አፏ መድረቁ ግን አልቀረም። እሱም አስቀድሞ አልደበቃትም።

ጨረሩ በጠቅላላው 70 ግሬይ ነበር (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፤ በቀን 2፣ ለ35 ቀን። "ለምን በአንዴ አትጨርሱትም?" ብዬ የጮህኩበት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ። ጤነኛው ሴል በየመሀሉ ራሱን እንዲጠግን፣ ካንሰሩ ግን በጥገና ደካማ ስለሆነ እንዲሸነፍ መሆኑን ምሳህን ትተህ ወረቀት ላይ እየሳልክ አስረዳኸኝ። ወረቀቱ አሁንም ኪሴ ውስጥ አለ።

አባዬ ደግሞ ሮንትገንን አመስግንልኝ ብሏል። ጀርመናዊው ራጅን በ1895 (በፈረንጆቹ) አግኝቶ ፓተንት አላወጣበትም ስለው "እሱስ የጨዋ ልጅ ነው" አለ። የእማዬ ጨረርም የራጅ ዘመድ ነው፤ ጉልበቱ ነው የሚበልጠው።

ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የዕድራችን አባላት፣ አጥሚት ያመላለሳችሁ ጎረቤቶች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዓባይ በረሃ ላይ ሲያቅለሸልሻት መኪናውን አቁመህ ውሃ የሰጠኸን ሾፌር፣ ስምህን እንኳ አልጠየቅንህም። ያልጠራኋችሁም አትቀየሙኝ፤ ስጽፍ እንባ እያስቸገረኝ ነው።

አንገቷ እንዳይነቃነቅ ፊቷ ላይ የሚታሰረውን የፕላስቲክ ጭምብል ይዛው መጥታለች። ጓዳ ምሰሶው ላይ ሰቅላዋለች፤ ልጆቹ ይፈሩታል። እሁድ ጠላ አለ። መጥታችሁ እዩት።